የት ከረምክ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር። ለኅትመት ሲዘጋጅ በመጠኑ አጥሯል።)



ዛሬ ጠዋት በበሩ ስገባ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «አንቺ! የት ከረምሽ?» አሉኝ። ሦስቱም መልስ አልጠበቁም፤ አቅፈው ስመውኝ አለፉ። እኔም «አለሁ፣ ሥራ ይዞኝ ነው እኮ» አልኩ። የት እንደከረምኩ ግን አልተናገርኩም፤ የምር ማወቅ የፈለገም አልነበረም። «ጠፋሽብን» የሚል የፍቅር ወቀሳ ነው፤ የወቀሳ መልሱ ደግሞ ይቅርታ ነው።

ይህችው ጥያቄ ከዚህ ከጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ወርዳችሁ ስትጠየቅ ሌላ ነገር ናት። አዘጋጆቹ «ከሥራሽ ላይ ስለ ሕመምተኛና ስለ ባለሙያ መግባባት ትንሽ በይን» ሲሉኝ ወዲያው ትዝ ያለችኝ እሷ ነች። እዚያ እስክደርስ ግን ሌላ ጥያቄ አለብኝ፤ እኔ ራሴ ጠይቄው ያበላሸሁት ጥያቄ።

አስቀድሜ ልናገር፣ የቋንቋ ሰው አይደለሁም። ጤና መኮንን ነኝ። አንድ የቋንቋ መምህር ወዳጄ ይህን ታሪክ ሳጫውተው ማሊኖውስኪ የሚባል የሰው ልጅ ባህል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1923 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ንግግር ከተነገረበት ሁኔታ ተነጥሎ ትርጉም እንደማይኖረው ተከራክሯል አለኝ። ሰውዬው ይህን የተረዳው በፓስፊክ ደሴቶች ከዓሣ አጥማጆች ጋር ኖሮ ነው። እኔ የተረዳሁት መተማ ላይ፣ ዘግይቼ፣ በሰው ሕመም ነው።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ በዚህ ነገር ማንም አያስተምረንም ባዮች ነን። ሰምና ወርቅ አለን። ዶናልድ ሌቪን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ እኛ የጻፈውን መጽሐፍ በዚሁ ስም ነው የጠራው። በሙያችንም አለ፤ ስብሰባ ላይ «አተት» ሲባል ሰብሳቢውም ተሰብሳቢውም ኮሌራ እንደሆነ አውቀን አንገታችንን እንነቀንቅ አልነበር? (ሳቅ) በሰምና ወርቅ ግን ተናጋሪው ሁለቱንም ትርጉም ያውቃል፤ አንዱን ሸሽጎ አንዱን ያሳያል። የእኔ የምርመራ ክፍል ችግር ሌላ ነበር። እኔም ሰም ብቻ ነው የተናገርኩት፣ ሕመምተኛውም ሰም ብቻ ነው የመለሰልኝ፣ ሁለት ትርጉም እንዳለ ሁለታችንም አላወቅንም።

መተማን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ከአዘዞ ወጥታችሁ፣ ጭልጋ አይከልን አልፋችሁ፣ ነጋዴ ባሕር ስትደርሱ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ከዚያ ሸኸዲ ነው። ወይም ገንዳ ውኃ። አንድ ከተማ ነው፣ ሁለት ስም አለው፤ አንዱን ስም ብቻ የሚያውቅ ሰው ሁለት ከተማ ይመስለዋል። «መተማ» ራሱ አንዳንዴ ወረዳው ነው፣ አንዳንዴ ድንበሩ ላይ ያለችው ከተማ፤ እሷን ለመለየት መተማ ዮሐንስ እንላታለን፤ አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት ናት። ድልድዩን ስትሻገሩ ጋላባት ነው፣ ሱዳን። ዙሪያው ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ነው። አረም ሲደርስና አጨዳ ሲደርስ ከደጋው ወጣቱ በመኪና ተጭኖ ይወርዳል። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ ደርሶ ከቆየ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከተማው በማያውቁት ሰው ይሞላል። ወቅቱ ሲያልቅ አብዛኛው ወደ ደጋ ይመለሳል። ከእርሻ እርሻ እየዞረ እዚያው የሚቀረውን «ሳሉግ» ይሉታል።

እኔ እዚያ ስመደብ ገና ትኩስ ምሩቅ ነበርኩ። ነጭ ጋውን ለብሼ ስቀመጥ የመጣው ሁሉ «ሲስተር» ይለኛል። አጠገቤ ያለውን ወንድ ነርስ «ዶክተር» ይሉታል። እሱ መጀመሪያ ያርማቸው ነበር፣ በኋላ ተወው፤ እኔም ተውኩት። ጋውኑን የለበሰው ሴት ከሆነች ሲስተር፣ ወንድ ከሆነ ዶክተር፤ ዲፕሎማ ማን ይጠይቃል?

ኅዳር 2001 ዓ.ም. ነው። አንድ ሰው ገባ። ከእኔ ቢያንስ በ10 ዓመት ይበልጣል። ፊቱ ገርጥቷል፣ ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ ትከሻው ላይ ጋቢ ጣል አድርጓል፤ በዚያ ሙቀት ጋቢ ያደረገ ሰው ብርድ ብርድ እንደሚለው መቼም ይገባችኋል። እኔ «አንተ» እለዋለሁ፤ እሱ «እርስዎ» ይለኛል። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም።

«ከየት ነው የመጣኸው?» አልኩት።

«እዚሁ ነኝ።»

ካርዱ ላይ «ነዋሪ» ብዬ ጻፍኩ።

«ከታመምክ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ሰሞኑን ነው።»

«ሁለት ሦስት ቀን?»

«ይሆናል።»

«ትኩሳት፣ ለ3 ቀን» ብዬ ጻፍኩ። ጣፊያውን ዳሰስኩት፣ ትንሽ አብጧል። ደሙ ታየ፣ ወባ አለበት። ጣፊያን ወባም ያሳብጠዋል፤ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ኮአርተም ሰጠሁት፣ «ካልተሻለህ ተመለስ» አልኩት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። በዚያ ቀን እንደሱ ያሉ 40 ሰዎች ሳላይ አልቀርም።

ሚያዝያ ላይ ለሥልጠና ጎንደር መጣሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ ካላዛር የሚታከሙት የተኙበት ክፍል ስንገባ አንድ በጣም የከሳ፣ ሆዱ ግን በጣፊያ የተወጠረ ሰው አየሁ። እኔ አላወቅሁትም። እሱ አወቀኝ። «ሲስተር፣ መተማ አይደሉም?» አለኝና ከትራሱ ሥር አንድ ፌስታል አወጣ። የታከመባቸውን ወረቀቶች ሁሉ አጣጥፎ ይዟቸዋል። ከላይ ያለው የእኔ ጽሑፍ ነበር። ነዋሪ። ትኩሳት፣ ለ3 ቀን።

መምህራኖቻችን ካላዛርን ታውቁታላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ግን ይቅር በሉኝና ሁለት ነገር ልበል። ተውሳኩን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። በእኛ ቆላ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ዛፍ አካባቢ ትገኛለች፤ የቀን ሠራተኛው ደግሞ የሚያድረው ሜዳ ላይ፣ ከግራሩ ሥር ነው። ከተነከሰ በኋላ ሕመሙ እስኪወጣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይወስዳል። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ለመጠርጠር የምንጠይቃቸው ዋና ነገሮች ደግሞ ሦስት ናቸው፦ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት አልፏል ወይ፣ ጣፊያው አብጧል ወይ፣ ሰውዬው በሽታው ወዳለበት አገር ሄዶ ነበር ወይ። ጣፊያውን በእጄ አግኝቼዋለሁ። ሁለቱን በጥያቄ አጠፋኋቸው።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ጠየቅሁት። ያኔ ነው «እርስዎ» ማለት የጀመርኩት። «እዚሁ ነኝ ያሉኝ ለምንድን ነው?» አልኩት። ፈገግ አለ። «ሲስተር፣ ያን ቀን ጠዋት መናኸሪያ ተኝቼ አንድ የታጠቀ ሰው በእግሩ ቀሰቀሰኝና 'ከየት ነው የመጣኸው?' አለኝ። እርስዎም ገና ስገባ ያንኑ አሉኝ። 'እዚሁ ነኝ' ብዬ ነው እሱንም የተገላገልኩት።»

ለእሱ ጥያቄዬ «እዚህ ምን ትሠራለህ? ማን ያውቅሃል?» ማለት ነበር። «እዚሁ ነኝ» ማለቱም «ሌባ አይደለሁም፣ ተዉኝ» ማለት ነው። ለተጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ነው የሰጠው። የጤና ጥያቄ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ሰሞኑን»ስ? ትኩሳቱ የጀመረው በመስከረም ነበር፣ አጨዳው ሊጀመር ሲል። ሰሞን ለእኛ ከተማ ለምንኖረው ሳምንት ናት፤ ትንሽ ከፍ ሲል ሁለት። ለእሱ ሰሞን የአጨዳ ሰሞን ነው፣ የፋሲካ ሰሞን እንደምንለው። አጨዳው ገና አላለቀም ነበርና «ሰሞኑን» ማለቱ ልክ ነው። ሁለት ወር የታመመ ሰው ነው ሦስት ቀን ብዬ የጻፍኩት። «ይሆናል» ያለኝስ? ጋውን የለበሰች ሴት ቁጥር ጠርታለት፣ እሱ «እርስዎ» እያላት፣ «አይደለም» ሊላት ነው? «ይሆናል» ማለት «እንዳሉ ይሁን» ማለት ነው። ገጠር ያደግን ሁላችን እናውቀዋለን። ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ ነው የሚጠፋብን።

ታሪኩ መተማ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ወቅቱ ሲያልቅ አገሩ ገባ፣ ደጋ። እዚያም ትኩሳቱ ሲብስበት አንድ ጤና ጣቢያ ሄደ። እዚያም «ከየት መጣህ?» ተባለ። አሁን አገሩ ነው፣ የሚፈራው የለም፤ የሰፈሩን ስም ተናገረ። እውነቱን ነው፤ ያን ዕለት ጠዋት የተነሣው ከቤቱ ነው። ደጋ ነውና ወባንም ካላዛርንም ያሰበ አልነበረም፤ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጠው። ሁለት ጊዜ። አንድ ሰው «ወርደህ ነበር?» ቢለው ኖሮ ወዲያው «አዎ፣ ሁለተኛ ዓመቴ ነው» ይል ነበር። በእነሱ አገር «ወረደ» ከተባለ ወዴት ተብሎ አይጠየቅም፤ እናቱ ለጎረቤት «ልጄ ወርዷል» ካለች መተማ ወይም ሁመራ ነው። ያ ቃል ግን ቅጹ ላይ የለም። ቅጹ የሚለው «አድራሻ» ነው።

ይህ የአንድ ሰው ዕድል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ሊቦ ከምከም ላይ በትልቁ ደርሷል። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ምናልባት እዚያ የዘመታችሁም በዚህ አዳራሽ ትኖራላችሁ። ሰው ትኩሳት ይዞት ይከሳል፣ ይሞታል፤ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ተገመተ። ከጣና በስተምሥራቅ ያለ ከፍተኛ ቦታ ነው፤ ካላዛር የቆላ በሽታ ነው ብለን ነው የተማርነው። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ነው ካላዛር መሆኑ የታወቀው። ተመራማሪዎች ከሰሊጥ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ጽፈዋል። እስከዚያ ድረስ «ትኩሳት» የሚለው ቃል ደጋ ላይ ስለተነገረ ብቻ እንደ ወባ ይነበብ ነበር። እኔ ይህን በትምህርት አውቀዋለሁ፤ ኅዳር 2001 ላይ ወንበሬ ላይ ስቀመጥም አውቀው ነበር።

ሰውዬው መርፌውን ጨርሶ፣ ድኖ ወጣ። ይህን ቶሎ ልንገራችሁ ብዬ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ጨልሟል።

ወደ መተማ ስመለስ የሠራሁት ትልቅ ነገር የለም። ዘበኛችንን ማዳመጥ ጀመርኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም በወጣትነታቸው ለሥራ ወርደው እዚያው የቀሩ ናቸው። በር ላይ ለሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ መቀመጫ ይሰጡታል፣ ከዚያ ውኃ በጣሳ። ከዚያ፣ «በል እስቲ ወንድሜ፣ ክረምቱን ማን ዘንድ ከረምክ?» ይላሉ። ሰውዬው ይዘረግፈዋል፤ የእርሻውን ባለቤት፣ የካቦውን ክፋት፣ ቋራ የነበረውን ዝናብ፣ የት ተኝቶ እንዳደረ፣ አብሮት የታመመውን፣ የሞተውንም። እኔ 20 ደቂቃ ፈጅቼ የማላገኘውን አባባ ቁጭ ብለው ትምባሆ እየጠቀለሉ ያገኙታል።

ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «አንቺ ልጅ፣ ከየት መጣህ ማለት እኮ ሂድ ማለት ነው» አሉኝ። «ማን ዘንድ ከረምክ ስለው ግን ሠራተኛ መሆኑን አውቄለታለሁ።»

ተማሪ ሳለን በቡድን እየሆንን ጤና ጣቢያ ስንወጣ መምህራኖቻችን «ወደ ቤቱ ሂዱ፣ ውኃውን እዩ፣ መጸዳጃውን እዩ» ይሉን ነበር። ይህ ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አብሮ ያሠለጠነው ሐኪሙ ሕመምተኛውን ከነአካባቢው እንዲያየው ነው። ሄደን ዓይተናል። የሕመምተኛውን ቃል ግን ከነአካባቢው መስማት እንዳለብን እኔ አልገባኝም ነበር። አማርኛ እኮ አንድ ነው ብዬ፤ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ለጉሙዝኛና ለዓረብኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ያቺ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ከብዳለች። «ከየት ነህ?» ተብሎ ሰው የተገደለበት ቀን እንዳለ እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን፤ በመተማ ብቻም አይደለም። «ፀጉረ ልውጥ ስታዩ ጠቁሙ» የሚል ማስታወቂያ ሲነገር ደግሞ አስቡት፤ የአጨዳ ወቅት የመተማ ሕዝብ ግማሹ ፀጉረ ልውጥ ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ለጥቂት ሳምንታት እንደገና ወደ ድንበሩ ተላክሁ። ድልድዩን የሚሻገረው ሰው ብዙ ነው። ጠረጴዛ ዘርግተን እንጠይቃለን። አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ ቀረበች፤ አማርኛዋ የጎንደር ነው፣ ልጆቿ ግን ዓረብኛ ብቻ ነው የሚናገሩት። ከጎኔ ያለው ወጣት «አገርሽ የት ነው?» አላት። ዝም አለች። ሦስት እውነተኛ መልስ አላት፤ የተወለደችበት፣ የኖረችበት፣ ልጆቿ የተወለዱበት። የትኛውን ብትመርጥ ወደ የትኛው ሰልፍ እንደምትላክ፣ ከልጆቿ ትለያይ እንደሆን አታውቅም። እኔ ዘበኛችን ትዝ አሉኝ። «እህቴ፣ ቁጭ በይ» አልኳት። ውኃ ሰጠናት። «ትናንትና የት አደራችሁ? ከልጆቹ የትኛው ነው ያሳለው?» ስላት ማልቀስ ጀመረች፣ ከዚያ ማውራት። የሰልፉን ነገር በኋላ ጨረስነው።

ጊዜዬ ማለቁን ሰብሳቢያችን በዓይናቸው እየነገሩኝ ነው፤ ይህንንስ ያለ ቃልም ገብቶኛል። (ሳቅ) አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

ከጎንደር ከተመለስኩ በኋላ በካርቶን ላይ በትልቁ «ክረምቱን የት ከረምክ?» ብዬ ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩት፤ አዲስ የሚመጣ ባለሙያ ሁሉ እንዲጠይቅ። በራሴ በጣም ኮርቼ ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ተለማማጅ ተቀምጦ፣ ከኋላ ሆኜ አዳምጠዋለሁ። ክትትል የነበረው፣ ቀጠሮውን ያሳለፈ ሕመምተኛ ገባ። ልጁ ካርቶኑን አየት አደረገና «የት ከረምክ?» አለው።

ሰውዬው ደነገጠ። ተነሥቶ ቆመ። «ይቅር በሉኝ ዶክተር፣ ንቄ አይደለም» አለ። «ቀጠሮዬን አውቄዋለሁ፤ ቋራ አረም ላይ ሆኜ፣ መኪና አጥቼ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሜዳ ላይ ነው ያደርኩት፣ አጎበሩንም ትቼው ነው የወጣሁት፣ ከእኛ ውስጥ ሁለቱ ታመው እዚያው ናቸው...»

ልጁ ግራ ገብቶት ዞር ብሎ አየኝ። «ጻፍ» አልኩት።